የካሊኒ ምንጭ

ካሊኒ፣ ማርች 13 ቀን 1988

ለሙቴኡ አባት፣

ይህ ደብዳቤ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እጅህ ሲገባ በጤናህ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። ሙቴኡ ቁመቷ ጨምሯል፤ የዩኒፎርሟን ጠርዝ ፈትቼ ብለቅላትም አልበቃ ብሏታል። አንተ ከሄድክ ወዲህ መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች። አንተን መምሰሏ ነው፤ ከማንበቧ በፊት ጉሮሮዋን ሳይቀር እንደ አንተ ትጠርጋለች።

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በለኝ። ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ስብሰባው እንዴት ሆነ ላልከው፣ እንዳሰብነው አልሆነም። ሹሙ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠና፣ "የካሊኒ ኮረብታ ባለቤት አግኝቷል" አለን።

"ጠፍቶ ነበር እንዴ?" አለች ሲዮኮ። ጎረቤታችንን ታውቃታለህ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያስፈራት ነገር የለም። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹሙ አልሳቀም።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ሴቶቹ ስሙን መጥራት ትተው "የተከበሩት" ነው የሚሉት። ፓርላማ በገባ በዓመቱ የወንዙን አሸዋ ሸጦ ጨረሰ፤ አሁን ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ወረቀት አለው። ዛፉን ለከሰል፣ ድንጋዩን ለግንባታ ሊያወጣው ነው፤ የአድባሩን ሾላዎች ጭምር። ምንጩ የሚወጣው ከእነሱ ሥር እንደሆነ ስነግረው ሹሙ፣ "ውሃ የሚመጣው ከሰማይ ነው፣ እመቤት" አለኝ። ደን ቢሮ በነበርኩበት ዘመን ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ የምሰጠው በማኅተም ነበር። የመቁረጫ ፈቃድ አልፈርምም ብዬ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ አፌ ብቻ ነው።

ምንጩ ከአምና ቀጥኗል። በላይኛው በኩል ከተመነጠረ ወዲህ አንድ ማሰሮ እስኪሞላ ሴቶቹ አንዱን ሐሜት ጨርሰው ሌላ ይጀምራሉ።

እኔም ተነሥቼ ተናግሬያለሁ። ምን እንዳልኩ እናትህ ይነግሩሃል፤ ከእኔ አሳምረው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ፣ "ደሞዝ ትታ አፈር የምትገፋ! ልጄ ምን ዓይነት ጉንዳን ነው ያገባው?" ሲሉ ነበር። ቤት ስንገባ ግን እግሬን የምታጠብበት ውሃ አሞቁልኝ።

ዝውውርህ እድገት መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሙቴኡ ሎድዋርን በካርታ አሳየችኝ። ለእድገት ሩቅ ነው።

ካቪንያ


ሎድዋር፣ ሜይ 2 ቀን 1988

ለሙቴኡ እናት፣

"ለእድገት ሩቅ ነው" ያልሽው ሲያስቀኝ ሰነበተ። ሩቅስ ሩቅ ነው። ደብዳቤሽን ያመጣው ፍየል የጫነ መኪና ነው፤ ከነሽታው አነበብኩት። ለእናቴ ጉልበት ቅባት በሹፌሩ ልኬያለሁ።

ትምህርት ቤቱ ምን ይመስላል ላልሽው፣ ጥሩ ነው። ጣራውን ነፋስ ወስዶት ነበር፤ ፈልገን አገኘነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግመል የጠፋ ቀን ግን ለባዶ ወንበር ነው የማስተምረው።

አብሮኝ የሚያስተምር ሎክዋንግ የሚባል የዚህ አገር ሰው አለ። ሻይም ችግርም የምንጋራው እሱና እኔ ነን። የካምባ ጎሳ ሰው መሆኔን የሰማ ዕለት፣ "እናንተ ዛፍ ስታዩ የሚታያችሁ ተቀርጾ ለቱሪስት የሚሸጥ ቀጭኔ ነው፤ እኛ የሚታየን ጥላ ነው" አለኝ። "ሚስቴን አላየሃትም" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ አንቺ እየጠየቀ አላስቀምጥ አለኝ። መጥረቢያ ይዘው የመጡትን ሰዎች "ከመቁረጣችሁ በፊት የዛፉን ስም ንገሩኝ" ያልሻቸውን ስነግረው፣ "እና ነገሯት?" አለኝ። አያውቁትም ነበር አልኩት። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ፈገግ ሲል ዋለ።

በኦገስት ዕረፍት ትመጣለህ ወይ ላልሽው፣ አልመጣም። ፈቃዱ አስቸጋሪ ነው። ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ። ሙቴኡን ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

የምንጩን ነገር በየደብዳቤሽ ጻፊልኝ። እዚህ ውሃው ጨው ጨው ይላል። አዲስ አስተማሪ ሆኜ ካሊኒ የመጣሁ ሰሞን፣ አንቺ ማሰሮሽን ይዘሽ ቆመሽ፣ ትንሽ ውሃ ስጪኝ ስልሽ፣ "ወረፋህን ጠብቅ፣ መምህር" ያልሽኝን አስታውሳለሁ። እንዲያ ዓይነት ውሃ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም።

በስብሰባው ላይ የተናገርሽውን እናቴ በሰው አስጽፋ ልካልኛለች። እንዳልሽው አሳምራዋለች። ጠንቀቅ በይ።

ኪሎንዞ


ካሊኒ፣ ጁላይ 24 ቀን 1988

ለሙቴኡ አባት፣

ጽሕፈቱ የሙቴኡ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። አትደንግጥ። ጥጃውን ስጎትት ወድቄ እጄ ተሰብሯል። ሐኪሙ አስሮልኛል፤ ይድናል። ሳልጽፍልህ የቆየሁት በዚሁ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ከሴቶቹ ጋር ለኮረብታው ያፈላነው ችግኝ ተርፏል ወይ ላልከው፣ ገሚሱ ተርፏል። የችግኝ ጣቢያውን አጥር የጣሰው ፍየል ነው ተባለ። ጫማ ያደረገ ፍየል ነው። ሴቶቹ የቀረውን ተካፍለው በየቤታቸው በወተት ቆርቆሮ እያሳደጉት ነው። ከማዶ መንደሮች የመጡ ሴቶችም ችግኝ አፈላሉን ተምረው ሄደዋል፤ አሁን በየሸለቆው እንደ እኛ ያለ ደቦ አለ። ሲዮኮ፣ "አንዱን አጥር ጣሱ፣ አሥር አጥር ተተከለባቸው" ትላለች።

ትምህርት ቢሮ ሄጄ ነበር። ከአንድ ጸሐፊ ጋር ተነጋገርን። በዚህ ነገር የምልህ ብዙ ነበረኝ፤ ምን ይሆናል፣ የምታጽፈኝ ልጅ ጆሮ አላት። እጄ ሲድን ራሴ እጽፈዋለሁ። እስከዚያው ይህን ያዝልኝ፤ ሰው ከሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር አይደብቅም።

ካቪንያ

አባዬ፣ ይህን እማ አላየችውም። ጥጃ አልጎተታትም። ጥጃ የለንም፤ ለኮረብታው ክርክር ጠበቃ እንክፈል ብለን ሸጥነው። ሰዎች ናቸው። ከማታቱ ታክሲ ስትወርድ ጠብቀዋት ነው። አያቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አትሳደብም። መቼ ነው የምትመጣው? ሙቴኡ።


ሎድዋር፣ ኦገስት 19 ቀን 1988

ለልጄ ለሙቴኡ፣

ጽሕፈትሽ አምሯል። የጻፍሽው ሁሉ ገብቶኛል። ለእማ እነግራታለሁ፤ ቅር አይበልሽ፤ አንቺን እንዳትቆጣ አደራ እላታለሁ። የምመጣበትን ቀን ሳውቅ መጀመሪያ የምጽፈው ላንቺ ነው።

ለሙቴኡ እናት፣

ያ ጥጃ ዱላ ይዞ ነበር ወይ? ልጅቷን አትቆጪያት። እኔም አልቆጣሽም፤ የደበቅነው ሁለታችንም ነን።

ትምህርት ቢሮ የሰማሽውን አሁን ከእኔ ስሚው። ጠርተው ወረቀት አቀረቡልኝ። ሚስቴ የምትሠራው ያለ ፈቃዴ እንደሆነ፣ በቃሏም በሥራዋም እንደሌለሁበት የሚል ነው። ፈርም አሉኝ። አልፈረምኩም። ወዲያው ዝውውሩ መጣ። ጀግንነት አድርገሽ አትቁጠሪው፤ ብዕሩን ይዤ ብዙ ተቀምጫለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈርሜ ቤት ስገባ ፊትሽን በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያልኩ።

ያኔ የተነካው የእኔ እንጀራ ነበር። አሁን የተነካው የአንቺ ገላ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም፤ ከዚህ ሆኜም አልደርስልሽም። ስለዚህ ልለምንሽ። ተይው። ሾላው ይቆረጥ። ውሃ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ለሙቴኡ ግን ሌላ እናት ተፈልጎ አይገኝላትም። ከተጋባን ጀምሮ ተይ ብዬሽ አላውቅም፤ አሁን እልሻለሁ።

ኪሎንዞ


ካሊኒ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1988

ለሙቴኡ አባት፣

እጄ ድኗል። አጥንቱ ትንሽ ተጣሞ ስለገጠመ ፊደሌም አብሮ ተጣሟል፤ ታገሠው።

ተይው ያልከኝን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ሞክሬዋለሁ። ቤት ተቀምጬ ቃጫ ስፈትል፣ ዘንቢል ስሠራ ሰነበትኩ። ሴቶቹ ማሰሯቸውን ይዘው እየመጡ ደጅ ላይ ይቀመጣሉ። ሲዮኮ እናትህን፣ "ካቪንያ ታማለች እንዴ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ባሏ ነው ያመማት" አሉ እናትህ።

ብተወው አንተን የሚመልሱልኝ ቢሆን እተወው ነበር፣ ኪሎንዞ። እውነቴን ነው። ጸሐፊውን ሄጄ ጠየቅኩት። "እዚያ የተላከ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም" አለኝ። እንግዲህ አንተንም ሾላውንም ከማጣ ብዬ ተነሣሁ። ልመናህን ስላልሰማሁ ይቅር በለኝ።

በሴፕቴምበር የሆነውን ከጋዜጣ አንብበህ ይሆናል። ጋዜጣው ያልጻፈውን ልንገርህ። መጋዝ የያዙት ሲመጡ ሾላዎቹን ከበን ተቀምጠን ነበር። ከፖሊሶቹ አንዱ የሲዮኮ ልጅ ሙቲንዳ ነው። መጥቶ እናቱ ፊት ቆመ።

"እማ፣ ተነሺ" አላት ቀስ ብሎ።

"ለምን?"

"ትእዛዝ ነው።"

"አንተን ሳጠባ እዚሁ ነበር የምቀመጠው። ያኔ ማንም ተነሺ አላለኝም።"

"እማ፣ እባክሽ። አለቃዬ እያየኝ ነው።"

"እኔም እያየሁህ ነው" አለችው።

ኮፍያውን አወለቀ፤ ፊቱን ጠረገ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። ትልቁ ሾላ ወድቋል። የቀሩት ቆመዋል። ሲዮኮ ሆስፒታል ናት፤ ትድናለች ይላሉ። ሙቲንዳ የፖሊስ ልብሱን መልሶ አልጋዋ ሥር ይተኛል። እሷ አታናግረውም።

ጠበቃው ጉዳዩን ናይሮቢ ፍርድ ቤት አስገብቷል። ከዚያ ወዲህ እኔን የሚፈልጉ ሰዎች ይመላለሳሉ፤ ቤት አልገኝላቸውም።

የፍየል መኪናው ሹፌር ከስተሃል አለኝ። ቀለምህም ጠቁሯል አለ። ልምጣ?

ካቪንያ


ሎድዋር፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1989

ለሙቴኡ እናት፣

ልምጣ ላልሽው፣ አትምጪ። መንገዱ ሽፍታ አለው፤ ለፍርድ ቤቱም መገኘት አለብሽ። ሹፌሩ ፍየል ሲመዝን ስለሚኖር ሰው ሁሉ የከሳ ይመስለዋል። ትንሽ ትኩሳት ነበረኝ፤ አልፏል። ጽሕፈቴ የተለየብሽ አልጋ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው፤ አልጋ ላይ የምጽፈውም ውጭው ስለሚያቃጥል ነው።

ተይው ያልኩሽን መልሼ ወስጃለሁ። ፈርቼ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። ግን አንቺ የምትሸከሚው ሳያንስ የእኔን ፍርሃት ልጨምርብሽ አይገባም። ስለ ሙቲንዳና ስለ እናቱ የጻፍሽውን ለሎክዋንግ አነበብኩለት። "እኔ ብሆን የእናቴን ዓይን እያየሁ መቆም አልችልም" አለኝ። "እሱም አልቻለም" አልኩት።

የላክሽው የኒም ዛፍ ዘር በቅሏል። በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ ነው። ሎክዋንግ፣ "ይህ ሁሉ ቀጭኔ መቼ ይደርሳል?" እያለ ይቀልድብኛል፤ የሚያጠጣቸው ግን እሱ ነው።

ምንጩስ? ትልቁ ሾላ ከወደቀ በኋላ ምን ሆነ? ዘለልሽው።

ኪሎንዞ


ናይሮቢ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1989

ለሙቴኡ አባት፣

ከናይሮቢ ነው የምጽፍልህ። ለፍርድ ቤቱ ጉዳይ መጥቼ የአክስቴ ልጅ ቤት ሰንብቻለሁ። ቤቱ ጠንካራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሌባ አያስገባም። ብዙ ሴቶች ስለሆንን ጨዋታ አናጣም። ምግቡ በሰዓቱ ነው። ወረቀቱ ያነሰብህ የቤቱ ሰዎች ቁጥብ ስለሆኑ ነው። ፖስታው ተከፍቶ ከደረሰህም ሙጫው መጥፎ ነው።

ሙቴኡ ከእናትህ ጋር ናት። እንዳትጽፍላት፤ ማለቴ፣ እዚህ መሆኔን አትጻፍላት፤ ትናፍቃለች።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልቻልኩም። ሲዮኮ አልዳነችም። ሳልቀብራት ቀረሁ። ሙቲንዳ ነው የቀበራት። በመጨረሻ አናግራዋለች ብለው ነግረውኛል፤ ምን እንዳለችው ግን ለማንም አልተናገረም።

ትኩሳቱ አልፏል ካልክ እሺ። ግን ሎክዋንግ በእኔ ስም ሐኪም ዘንድ ይውሰድህ። እምቢ እንዳትለው። በዚህ ብቻ ታዘዘኝ።

ስለ ምንጩ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። ዝናቡ ይምጣና እጽፍልሃለሁ።

ካቪንያ


ሎድዋር፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1989

ለወይዘሮ ካቪንያ፣

ስሜን ከባለቤትዎ ደብዳቤዎች ያውቁት ይሆናል፤ እኔም እርስዎን አይቼዎት ሳላውቅ አውቅዎታለሁ። ከእስር መፈታትዎን በሬዲዮ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ እስከዚያ ይዤው ነበር፤ እስር ቤት ሆነው እንዲሰሙት አልወደድኩም።

መምህር ኪሎንዞ በማርች መጨረሻ ላይ አርፈዋል። ካላዛር ነው አለን የጤና ጣቢያው። መድኃኒቱ ያለው ሩቅ ሆስፒታል ነው። መኪና ባገኘን ሰሞን ጎርፍ መጥቶ መንገዱን ቆረጠው። ሐኪም ዘንድ ውሰደው ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ እምቢ አላሉም።

ለምን ቀድመህ አልጻፍክም ይሉኝ ይሆናል። መምህር ከልክለውኝ ነው። እስር ቤት መሆንዎን ያውቁ ነበር፤ ጋዜጣውን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። የአክስትዎን ልጅ ቤት ደብዳቤ ሲያነቡ እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንዳላውቅ ፈልጋለች፤ እንግዲያ አላውቅም። እሷም እንዳታውቅ" አሉኝ።

በመጨረሻው ሰሞን ማንበብ ስላቃታቸው ደብዳቤዎችዎን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነብላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ "ምንጩስ? ስለ ምንጩ ጽፋለች?" አሉኝ። አልጻፉም ነበር። "አዎ። ተመልሷል ትላለች" አልኳቸው።

"የት ላይ?"

"ከታች፤ ስሟ አጠገብ።"

"አንብበው እስቲ።"

"'ምንጩ ተመልሷል፤ ማሰሮው ቶሎ ይሞላል' ይላል" አልኩ።

"ሴቶቹ ሐሜት አለቀባቸዋ" አሉ። በማግስቱ አረፉ።

የቀበርናቸው በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ፣ ከኒሞቹ ወዲህ ነው። ልጆቹ ግመል እንኳ ሳይፈልጉ ውለው ቀበሯቸው። እናንተ ዘንድ ሰው በአባቱ መሬት እንደሚቀበር ነግረውኝ ነበርና ምን እንድናደርግ እንደምትፈልጉ ይጻፉልኝ። ምንጩም በእርግጥ ተመልሶ እንደሆነ ይንገሩኝ። ያልኩት ነገር ይከነክነኛል።

ሎክዋንግ


ካሊኒ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1989

ወንድሜ ሎክዋንግ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ብዙ ወራት አልፈዋል። ስጀምርና ስተው ነው የቆየሁት፤ ይቅር በለኝ። እጅህ ይባረክ፤ ወገን በሌለበት ወገን ሆነህ ቀብረህልኛልና።

በሜይ ፍርድ ቤቱ የዚያን የፓርላማ ሰው ወረቀት ሰረዘው። ኮረብታው የመንደሩ ነው አለ። ሰው እየዘፈነ ደጄ ድረስ መጣ፤ ከነጥቁር ልብሴ አንሥተው ተሸከሙኝ። አንድ ጋዜጠኛ፣ "ምን ተሰማዎት?" አለኝ። "ደክሞኛል" አልኩት። እሱን አልጻፈውም። ከየአገሩ ሴቶች ይጽፉልኛል፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ያለ ኮረብታ አለ፣ እንዴት እናድርግ ይሉኛል። እመልስላቸዋለሁ። ምን እንደሚያስከፍል የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔም ሳይጠይቁኝ አልነግራቸውም።

ስለ መቃብሩ ላልከው፣ እናቱ ይምጣልኝ ይላሉ። ከአባቱ ጎን ቦታውን ራሳቸው መርጠዋል። በጃንዋሪ መንገዱ ሲደርቅ ከሙቲንዳ ጋር መጥተን እንወስደዋለን። ልጆቹን አስቀድመህ አዘጋጃቸው፤ ነጠቁን እንዳይሉ።

እናቱ ሞቱን የሰሙ ዕለት፣ "ኮረብታሽ ልጄን በላው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጣራ ሥር እየኖርን ቃል አልተለዋወጥንም፤ የሚፈልጉትን የሚነግሩኝ በሙቴኡ በኩል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ሙቴኡ ደብዳቤህን አውጥታ ለአያቷ ማንበብ ጀመረች። ምንጩ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትዘለው ፈልጋ ነው። አንብቢው አልኳት። አነበበች።

እናቱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ጠጥቶ ነው የሄደው በይኛ" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ" አልኳቸው።

ለጠየቅከኝ፣ አልተመለሰም። ዝናቡ መጥቷል፤ ወንዙም ሞልቷል፤ እዚያ ግን ምንም የለም። ትናንት ወጥቼ በወደቀው ሾላ ጉቶ ሥር እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ አይደለም። ያስተማሩኝ እውነት ከሆነ ዛፎቹ ሲያድጉ ይመለሳል፤ እኔ ግን የማየው አይመስለኝም። ሙቴኡ ታየው ይሆናል፤ ካልሆነም ልጇ። በዚያ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ብሆን እኔም ያልከውን ነበር የምለው። ስለዚህ አይከንክንህ።

ነገ አዲስ ችግኝ ወደ ኮረብታው እናወጣለን። እናቱም እሄዳለሁ ብለው ከማለዳ ጀምሮ መቆፈሪያ ሲስሉ ነው የዋሉት። ጉልበታቸው ኮረብታውን አያስወጣቸውም። ከታች፣ ከመንገዱ ዳር የሚተከለውን እተውላቸዋለሁ።

ካቪንያ